ለአሮጌ ትንሽ ትራክተር የሞተር ጎሚኒ፦ ድሬዳዋና ሐረር ላይ በቅናሽ የማግኛ መንገድ

የአሮጌ ትንሽ ትራክተር የሞተር ጎሚኒ፣ ማለትም ሞተሩ ሻንሲው (የትራክተሩ ዋና የብረት አካል) ላይ የሚቀመጥበትና መንቀጥቀጡን የሚውጠው ጎማ፣ በትራክተሩ ስም ሲፈለግ አይገኝም። ድሬዳዋ ውስጥ መለዋወጫ ሱቅ ገብታችሁ «የዚህ ትራክተር ጎሚኒ አለ?» ብትሉ መልሱ «የለም» ነው። ባለሱቁም እውነቱን ነው፣ በዚያ ስም የገባ ዕቃ የለውም። ነገር ግን እዚያው መደርደሪያ ላይ በጄኔሬተር ወይም በኮምፓክተር (የአፈር መደቅደቂያ ማሽን) ስም የተቀመጠ፣ ልኩ ከእናንተው ጋር የሚገጥም ጎሚኒ ሊኖር ይችላል። የሞተር ጎሚኒ ከብረት ጋር የተያያዘ ጎማ ነው፤ ዋናው ነገር የሚሸከመው ክብደት፣ ቁመቱና ብሎኑ ነው። ከውጭ ማዘዝም ይቻላል፣ ግን ዕቃው ትንሽ ሆኖ ማጓጓዣው፣ ቀረጡና የውጭ ምንዛሬው ከዕቃው ዋጋ በላይ ይሄዳል። ልኩን በትክክል የያዘ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከከተማው ሳይወጣ ያገኛል። ስለዚህ ከፍለጋው በፊት ያለው ሥራ ከፍለጋው ይበልጣል።

መጀመሪያ ጥፋቱ የጎሚኒው መሆኑን እወቁ

ትራክተር ስለተንቀጠቀጠ ብቻ ጎሚኒ አይገዛም። ጎሚኒው ያለቀበት ሞተር የሚያስቸግረው ሲነሳ፣ በዝቅተኛ ዙር ሲሠራና ሲጠፋ ነው። ያኔ ይዘላል፣ ከሻንሲው ጋር «ጓ» ብሎ ይጋጫል፤ ዙሩ ሲጨምር ደግሞ ረገብ ይላል። መንቀጥቀጡ ከዙሩ ጋር አብሮ እየጨመረ የሚሄድ ከሆነ የታጠፈ ዘንግ፣ ሚዛኑን ያጣ ፑሌጃ (ቺንጋው፣ ማለትም ኃይል የሚያስተላልፈው ቀበቶ፣ የሚዞርበት ክብ ብረት) ወይም የተጎዳ የሣር ማጨጃ ምላጭ ፈልጉ። ድምፁ እየተቆራረጠ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ደግሞ ካንዴላውንና ካርቡራተሩን እዩ። ሞተሩን የያዙት ብሎኖች ላልተው እንደሆነም ፈትሹ፤ ለዚያ ቁልፍ ብቻ ይበቃል።

ፍተሻው ቀላል ነው። ሞተሩ ይቀዝቅዝ፣ ቁልፉ ይውጣ፣ የካንዴላው ገመድ ይነቀል። ጠንካራ አጣና ከሞተሩ እግር ሥር አስገብታችሁ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ከፍ አድርጉና በባትሪ መብራት እያንዳንዱን ጎሚኒ እዩ። ጎማው ከብረቱ ተላቆ ክፍተት ካሳየ አልቋል። ላዩ ላይ ያለ ቀጭን ስንጥቅ የፀሐይና የአየር ነው፣ ብቻውን አያስጥልም፤ ጥፍር የሚገባበት ከሆነ ግን ያስጥላል። ዘይት ወይም ናፍጣ የጠጣ ጎማ ያብጣል፣ ሲነኩት ይለጠፋል፤ በሙቀት የደረቀ ደግሞ በጥፍር አይጎደጉድም። ድሬዳዋ ከሐረር በብዙ ዝቅ ያለች ቆላ በመሆኗ እዚህ የሚበዛው የሁለተኛው ዓይነት ነው፤ በተለይ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) አጠገብ ያለው ጎሚኒ ከሌሎቹ ቀድሞ ይደርቃል።

ሌላም ምልክት አለ። ማርሚታው አንገቱ ላይ ተበይዶ እዚያው ቦታ ደጋግሞ ከተሰነጠቀ፣ የነዳጅ ቱቦው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ከተበላ፣ ቺንጋው ያለ ምክንያት ከዘለለ ጥፋቱን በያጁ ላይ አታድርጉ። ሞተሩ ቦታውን እየለቀቀ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ። ሁሉም ትንሽ ትራክተር ጎሚኒ የለውም። ዘንጋቸው ወደ ታች የሆነ የሣር ማጨጃ ትራክተሮች ብዙዎቹ ሞተራቸው በቀጥታ በሻንሲው ላይ ይታሰራል። ከኋላው እየተሄደ በእጅ የሚመራው ባለ ሁለት ጎማ ትራክተር ላይ ያለው የተኛ ባለ አንድ ሲሊንደር የቻይና ናፍጣ ሞተርም እንዲሁ ብረት በብረት ነው የሚታሰረው፣ ያውም ሆን ተብሎ፤ ቺንጋዎቹ በኃይል ስለሚጎትቱት ጎማ ላይ ቢቀመጥ ይዘምና ቺንጋው ይወጣል። መንቀጥቀጡን እናስቀር ብለው እዚያ ላይ ጎማ የሚያስገቡ አሉ፤ አይደረግም። በተቃራኒው በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የወጡት ባለ ኮህለር ሞተር ካብ ካዴት የተባሉ የአሜሪካ ትንንሽ ትራክተሮች መካከል ሞተሩ በጎሚኒ ላይ የተቀመጠ አለ። የእነሱ ሞተር ጎሚኒው ሲሰጥም ወደ ኋላ የሚሄደው ዘንግ መስመሩን ይስታል፣ መጋጠሚያውንም ይበላል። እንዲህ ያለው ትራክተር ላይ ጎሚኒ መለወጥ የምቾት ጉዳይ አይደለም፤ ከቆየ የዘንግ ወጪ ያመጣል።

ዓይነቱና ልኩ

ገበያ ላይ የሚያጋጥሙት ዓይነቶች ጥቂት ናቸው። ከሁለቱም ጫፍ ብሎን የወጣለት «ወንድ ለወንድ» ይባላል። አንዱ ጫፍ ብሎን፣ ሌላው የተፈለፈለ ቀዳዳ ከሆነ «ወንድ ለሴት» ነው፤ ሁለቱም ጫፍ ቀዳዳ ከሆነ «ሴት ለሴት»። አራተኛው መሐሉ ክፍት የሆነ ቀለበት ጎማ ሲሆን አንዱ ከሻንሲው ላይ፣ አንዱ ከሥር ሆነው ረጅም ብሎን በመሐላቸው ያልፋል። ይህ አራተኛው ለእኛ ከተማ በጣም የሚመቸው ነው፤ ቢጠፋ ማሠራት ይቻላል። ወደዚያ እንመለሳለን።

ጎሚኒው የሚሸከመው እንዴት እንደሆነ ፈትታችሁ ሳታወጡት እዩ። ክብደቱ ከላይ ወደ ታች የሚጫነው ከሆነ ጎማው ይጨመቃል፤ ጎሚኒው በጎኑ ተኝቶ ክብደቱ ወደ ጎን የሚያሸሸው ከሆነ ግን ያው ጎማ የሚችለው ሸክም ከግማሽ በታች ይወርዳል። በጎኑ ለተገጠመ ጎሚኒ ስፋቱ ሰፋ ያለ ምረጡ። አቀማመጡን በስልክ ፎቶ አንሱ፤ ሱቅ ላይ ይጠቅማችኋል።

ልኬት ላይ አትቸኩሉ። ካሊፐር ከሌላችሁ ቶርኖ ቤት (ብረት በማሽን የሚቀረጽበት) ያለ ሰው ያውሳችኋል፣ ወይም እዚያው ይለካላችኋል። የሚጻፈው ይህ ነው፦ የጎማው ስፋት፣ የጎማው ቁመት ከብረት እስከ ብረት፣ የብሎኑ ውፍረት፣ የብሎኑ ርዝመት በእያንዳንዱ ጫፍ፣ እና ሻንሲው ላይ ያለው ቀዳዳ ስፋት። ቁመቱን ስትወስዱ የሰጠመውን አትለኩ፤ ከአራቱ ብዙም ያልሠራውን፣ ብዙ ጊዜ ከማርሚታውና ከቺንጋው የራቀውን ለኩ። አራቱም ከሰጠሙ ከጎማው ሳይሆን ከሞተሩ ተነሱ። የሞተሩን ፑሌጃና ከሱ ጋር በቺንጋ የሚሄደውን ፑሌጃ በተወጠረ ክር አስተያዩ፤ ሞተሩን በሽብልቅ ከፍ እያደረጋችሁ ሁለቱ መስመር ሲገቡ በሞተሩ እግርና በሻንሲው መካከል ያለው ክፍተት የጎማው ሥራ ላይ የሚኖረው ቁመት ነው። በዚያ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ጨምሩ፤ ክብደት ሲያርፍበት ያን ያህል ስለሚወርድ።

የብሎን ጥርስ ነገር ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። የድሮ አሜሪካ ትራክተር ብሎን በኢንች ነው። 5/16 ኢንች ማለት 7.94 ሚሊ ሜትር ነው፤ ዓይን ባለ 8 ይለዋል። ባለ 8 ዳዶ ስታስገቡበት ሁለት ሦስት ዙር ሄዶ ይነክሳል፣ ምክንያቱም የ8ቱ ጥርስ 1.25 ሚሊ ሜትር ሲራመድ የኢንቹ ሻካራ ጥርስ 1.41 ይራመዳል። በቁልፍ ካስገደዳችሁት ሁለቱም ይበላሻሉ። 3/8 ኢንች ደግሞ 9.53 ሚሊ ሜትር ነው፤ ባለ 10 ሊመስል ይችላል። መፍትሔው ግን ከባድ አይደለም። ብሎኑ በሻንሲው ቀዳዳ አልፎ በዳዶ የሚታሰር ከሆነ ጥርሱ ምንም አያገባችሁም፤ በሚሊ ሜትር የሆነ ጎሚኒ ከነዳዶው ገዝታችሁ ትጨርሳላችሁ። ለ3/8 ኢንች የተበሳው ቀዳዳ ባለ 10ን ካላሳለፈ በ10.5 ፑንታ ማስፋት ነው። ጥርሱ የሚያሳስባችሁ ብሎኑ በራሱ በሞተሩ ብሎክ ውስጥ የሚታሰር ከሆነ ብቻ ነው። ያኔ ብሎኩን አትንኩ፤ «ሴት» የሆነ ጎሚኒ ፈልጉና ቶርኖ ቤት አንዱ ጫፉ ኢንች፣ ሌላው ጫፉ ሚሊ ሜትር የሆነ ብሎን አሠሩ።

ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ድሬዳዋ የታደለች ናት። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 ከደረሰ ጀምሮ የምድር ባቡሩ ወርክሾፕ ብረት የሚያውቅ ሰው ሲያወጣ የኖረባት ከተማ ስለሆነች ልክ ይዞ ለሚመጣ ሰው የሚረዳ ቶርኖ ሠራተኛ አይታጣም።

ምን ያህል ጠንካራ?

ልኩ ገጥሞ ጎማው በጣም ጠንካራ ከሆነ ጎሚኒ እንደሌለ ነው፤ በጣም ለስላሳ ከሆነ ሞተሩ ይዋኛል፣ ቺንጋ ይጥላል። ፋብሪካዎች የጎማን ጥንካሬ በሾር ይለካሉ፤ ለዚህ ሥራ ከ45 እስከ 60 ያለው ይስማማል። የመኪና ጎማ መርገጫ ከ60 እስከ 70 አካባቢ ስለሆነ ከሱ ትንሽ ለስለስ ያለ ማለት ነው። በጥፍር ስትጫኑት ጎድጎድ ብሎ ወዲያው መመለስ አለበት።

ከጥፍር የሚሻለው ግን የጀሪካን ሙከራ ነው። በመጀመሪያ የሞተሩን ክብደት እወቁ። የብረት ብሎክ ያለው ባለ 12 የፈረስ ጉልበት ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ወደ 50 ኪሎ ይሄዳል፤ የአሉሚኒየሙ ያንሳል። እርግጠኛ ለመሆን ሞተሩ በወረደበት አጋጣሚ ከእህል መጋዘን ባስኩላ ላይ አውጡት። ከዚያ አራቱን አዲስ ጎሚኒ በሁለት ጣውላ መካከል አድርጉ፤ ብሎኖቹ እንዲገቡ ጣውላዎቹን በትራፓኖ ብሱ። ባዶውን ሳለ በሁለቱ ጣውላ መካከል ያለውን ክፍተት በአራቱም ማዕዘን ለክታችሁ ጻፉ። ከዚያ ውሃ የሞላ ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን አስቀምጡበት፤ አንዱ ከነጀሪካኑ 21 ኪሎ ያህል ነው። ለ40 ኪሎ ሞተር ሁለት፣ ለ60 ኪሎ ሦስት። አሥር ደቂቃ ካቆያችሁ በኋላ እንደገና ለኩ። ከግማሽ እስከ 2 ሚሊ ሜትር ከወረደ ደህና ነው። ምንም ካልወረደ ጎማው ጠንክሯል፤ 3 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ከወረደ ለስልሷል። አንዱ ማዕዘን ከሌሎቹ በግልጽ የተለየ ከወረደ አንዱ ጎሚኒ ከሌላ ዕቃ ተቀላቅሏል፤ ይመለስ። ለዚህ ብላችሁ ስትገዙ «ካልሆነ እመልሳለሁ» የሚለውን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ለምሳሌ ያህል ስፋቱ 30፣ ቁመቱ 20 ሚሊ ሜትር የሆነ ወይም ስፋቱ 40፣ ቁመቱ 30 የሆነ መካከለኛ ጎማ፣ አራት ሆነው 50 ኪሎ ሲሸከሙ እያንዳንዱ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወርዳል። የሚፈለገው ያ ነው።

የት ይፈለግ?

ከሚቀርበውና ከሚረክሰው ጀምሩ። የመጀመሪያው ቦታ ጄኔሬተር ጠጋኝ ነው። ከ2 እስከ 5 ኪሎ ዋት የሆነው የቤንዚን ጄኔሬተር አብዛኛውን ጊዜ አራት ጎሚኒ ከሥሩ አለው፣ ብሎናቸውም ብዙ ጊዜ ባለ 8 ነው። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ የተቃጠለ ጄኔሬተር አይጠፋም፤ ኮይሉ ተቃጥሎ የተጣለው ላይ ያለው ጎሚኒ ግን ደህና ሊሆን ይችላል። ክብደቱም ከትንሽ ትራክተር ሞተር ጋር ይቀራረባል። ለአሉሚኒየም ሞተር መጀመሪያ የሚጠየቀው ይሄ ነው።

ሁለተኛው ኮምፓክተር ነው፤ ኮብልስቶን ሲነጠፍ አፈሩን የሚደቀድቀው። ጎሚኒዎቹ ወፈር ያሉ፣ ብሎናቸው ባለ 10 ወይም ባለ 12 ነው፣ ለብርቱ መንቀጥቀጥ የተሠሩ ስለሆኑ ብረትና ጎማው በደንብ የተያያዘ ነው። ለከባድ የብረት ሞተር ከዚህ የሚሻል በአገር ውስጥ አይገኝም ብንል ማጋነን አይሆንም። የኮንስትራክሽን ዕቃ የሚያከራዩና የሚጠግኑ ሰዎች አዲሱን የት እንደሚገዙት ያውቃሉ፤ እነሱን ጠይቁ። አንድ ጉድለት አለው፣ አንዳንዱ ለትንሽ ሞተር ጠንካራ ነው፤ ጀሪካኑን እዚህ ላይ አትዝለሉ።

ሦስተኛው የባጃጅ መለዋወጫ ነው። ባጃጅ በድሬዳዋ የማይገባበት ሰፈር ስለሌለ መለዋወጫውም በየቦታው አለ። የሞተሩ ጎሚኒ ቅርጹ ግን ለባጃጅ አቃፊ የተሠራ ነው፤ በቀጥታ የሚገጥመው ከስንት አንዴ ነው። ጥቅሙ ቀለበት ጎማና ቡሽ ለሚፈልግ ሰው ነው። የአይሱዙ የራዲያተር ጎሚኒም እንደዚሁ፣ ቀለበት ሆኖ የሚገኝ ስላለ ቀለል ላለ ሞተር ይታያል። የትልልቅ መኪና ሞተር ጎሚኒ ግን ተዉት። ከመቶ ኪሎ በላይ ለሚሸከም የተሠራ ጎማ በእናንተ ሞተር ሥር እንደ ድንጋይ ነው፣ አይወርድም።

ቁራጭ ብረት ከሚሸጡት ዘንድ የሚኬደው ለጎማው ሳይሆን ለብረቱ ነው፦ ለትልልቅ ሮንዴላ፣ ለቧንቧ፣ ለወፍራም ላሜራ። ሐረር ላይ ሸዋ በር አካባቢ ከአሮጌ ብረት ዕቃ የሚሠሩትን ጠይቁ፤ ሮንዴላ በልክ ይቆርጡላችኋል። በአሮጌ ፔጆ የሚታወቁት የሐረር መካኒኮችም መለዋወጫው ከተቋረጠ መኪና ጋር መኖርን የለመዱ ስለሆኑ ጎሚኒ በማሠራት ረገድ ምክራቸው ይደመጣል።

ሱቅ ስትገቡ አነጋገራችሁ ለውጥ ያመጣል። ባለሱቁ ቀድሞ የሚጠይቀው «የምን መኪና ነው?» ነው። በትራክተሩ ስም ከመለሳችሁ ነገሩ እዚያው አለቀ። አሮጌውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡና «አቦ፣ ስሙን ተወው፤ ወንድ ለወንድ፣ ብሎኑ 10፣ ጎማው 40 በ30፣ አራት ፍሬ» በሉት። ያን ጊዜ ካርቶኑን ያወርዳል። ከድሬዳዋ ከጠፋ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ላለ ሰው የሚላከውም ይኸው አረፍተ ነገር ነው፣ ከካሊፐሩ ጋር ከተነሳ ፎቶ ጋር። «ይሄን የሚመስል» ተብሎ በፎቶ ብቻ የታዘዘ ጎሚኒ ተመልሶ የሚሄድ ነው።

አራቱን በአንድ ጊዜ ግዙ፣ ከተቻለ አምስተኛ ጨምሩ። አንድ አዲስ ከሦስት አሮጌ ጋር ሲገባ አዲሱ ከፍ ብሎ ስለሚቆም ሸክሙ ይዛነፍና ጎማው ከብረቱ በቶሎ ይላቀቃል፤ አንድ ብቻ በመግዛት ያተረፋችሁትን ገንዘብ መልሶ ያስወጣችኋል።

ከመክፈላችሁ በፊት ጎሚኒውን በእጅ ጠምዝዙት። ብሎኑ ለብቻው ከዞረ ተዉት። የጎማውና የብረቱ መጋጠሚያ ዙሪያውን እዩ፤ ጫፉ ላይ የተነሳ ቦታ ካለ ከዚያ ይቀጥላል። ርካሹ ዓይነት ብሎኑ ከሰፊ ብረት ጋር ሳይያያዝ ጎማው ውስጥ ብቻ የተተከለ ነው፤ ጫፉ ላይ ክብ ብረት ካላያችሁ እሱ ነው። አዲስ ተብሎ ለዓመታት መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው የኖረም አለ። ጫን ብላችሁ ስታጥፉት ጎኑ ላይ ቀጫጭን ስንጥቅ ከከፈተ ዕድሜውን ሱቅ ውስጥ ጨርሷል።

ሲጠፋ ማሠራት

ብሎን የተጣበቀበትን ጎሚኒ በማስቲሽ መልሶ ማጣበቅ አይሆንም። ጎማው ከብረቱ ጋር የተያያዘው ብረቱ በልዩ ማጣበቂያ ተቀብቶ፣ በሻጋታ ውስጥ፣ በ150 ዲግሪ አካባቢ ሙቀትና በኃይለኛ ጭነት ነው። ጎሚስታው ከመነዳሪ (የጎማ የውስጥ ላስቲክ) የሚያበስልበት ማሽን ጎማን ከጎማ ጋር ያያይዛል፣ ጎማን ከብረት ግን አይችልም። በማስቲሽ የተሠራው ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ያገለግላል።

የሚሠራው ቀለበቱ ነው፤ ምክንያቱም በማጣበቂያ ሳይሆን በመጨመቅ ስለሚይዝ። ለአንድ እግር ሁለት የጎማ ቀለበት፣ አንድ የብረት ቱቦ፣ ሁለት ትልቅ ሮንዴላ፣ አንድ ባለ 10 ብሎን ከነዳዶው ያስፈልጋል። ለአራት እግር በአራት አባዙት።

ጎማው ከአሮጌ የጭነት መኪና ጎማ ይወጣል፣ ግን ሽቦ ካለበት አይሆንም። በረባሶ ጫማ የሚሠሩት እንደሚመርጡት ባለ ክሩን ምረጡ። ሽቦው ዝጎ ጎማውን ከውስጥ ይቆርጠዋል፣ ቱቦውንም ይፍቀዋል። ለእያንዳንዱ ቀለበት የሚያስፈልገው 15 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካልተገኘ ሁለት ስስ መደራረብ ይቻላል፤ ከሁለት በላይ ግን እርስ በርሱ ይንሸራተታል። ቀለበቱ ስፋቱ 45፣ መሐል ቀዳዳው 16 ይሁን። ጫፉ የተሳለ ቧንቧ በመዶሻ እየመቱ መቁረጥ ይቻላል፤ በትራፓኖ ከሆነ በሳሙና ውሃ እያራሳችሁ በዝግታ፣ አለዚያ ጎማው ይቃጠልና ቀዳዳው ይጠባል።

ቱቦው ውጪው 16፣ ውስጡ 10.5 ሚሊ ሜትር ይሁን። ርዝመቱ የሥራው ልብ ነው። የሻንሲው ላሜራ 6 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ከሁለቱ ቀለበት ጋር 36 ይሆናል፤ ቱቦው 33 ይቆረጥ። ዳዶው ሲጠብቅ ሮንዴላው ቱቦው ጫፍ ላይ ይቆማል፣ ጎማዎቹም 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ተጨምቀው ይቀራሉ። ቱቦ የሌለው ጎሚኒ ዳዶውን ባጠበቁት ቁጥር ጎማውን እየደፈጠጠ ብረት በብረት ያደርገዋል። ቱቦው ከጎማዎቹና ከላሜራው ድምር ከረዘመ ደግሞ ሞተሩ ይንቀጫቀጫል።

ቱቦው ሻንሲውን እንዳይነካ የሻንሲውን ቀዳዳ ወደ 24 አስፉና የላሜራውን ውፍረት ያህል የተቆረጠ የራዲያተር ቀጭን ቱቦ ጎማ በዚያ ቦታ አልብሱት። ይህችን ትንሽ ነገር የሚዘልሉ ብዙ ናቸው፤ ውጤቱ ጎማ ያለው ግን የሚንቃቃ ሞተር ነው። ሮንዴላዎቹ ስፋታቸው 50፣ ውፍረታቸው ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር ይሁን። የታችኛው ሮንዴላ ከሻንሲው ቀዳዳ መስፋቱ ለሌላም ነገር ይጠቅማል፦ ጎማው አንድ ቀን ቢበጠስ እንኳ ሞተሩ ዘሎ አይወጣም።

መፍታትና መግጠም

የባትሪውን ማሳ ገመድ (ከሻንሲው ጋር የሚያገናኘውን) ፍቱ፣ ነዳጁን ዝጉ፣ ቺንጋውን አውልቁ፣ የማርሚታውን ማሰሪያና የነዳጅ መስጫውን ሽቦ አላሉ። ሞተሩን በክሪክ ስትደግፉ በክሪኩና በዘይት ቋቱ መካከል ወፍራም እንጨት ይግባ፤ የአሉሚኒየም ቋት በቀጥታ ከተጫነ ይሰነጠቃል። የዛገውን ዳዶ ከዋዜማው ጀምሮ ናፍጣ ወይም ደብሊው ዲ 40 አጠጡት። ጎማው የተበጠሰ ጎሚኒ ብሎኑ አብሮ ስለሚዞር ዳዶው አይፈታም። ብሎኑን በፒንሳ መያዝ ካልተቻለ በሴጌቶ ቁረጡት። ግራይንደር የምትጠቀሙ ከሆነ የነዳጁ ታንክ ወርዶ ከአካባቢው ይራቅ።

የሻንሲው ቀዳዳ ተበልቶ ሞላላ ሆኖ ከተገኘ አዲሱን ጎሚኒ እዚያ ላይ አትግጠሙ። 5 ሚሊ ሜትር ላሜራ በልኩ ተበስቶ ይበየድበት። ብየዳው ጎሚኒው ሳይገባ ያልቃል፤ የብየዳ ሙቀት አዲሱን ጎማ በደቂቃ ያበላሻል።

አራቱንም በእጅ ብቻ አስገቡ፣ ሞተሩን ከክሪኩ ልቀቁትና በራሱ ክብደት ይቀመጥ፣ ትንሽ ነቅነቅ አድርጉት፣ ከዚያ አጥብቁ። ሞተሩ በክሪክ ላይ እያለ የጠበቀ ጎሚኒ እንደተጠመዘዘ ይቀራል። ዳዶውን ስታዞሩ ጎሚኒውን በሌላ ቁልፍ ያዙት። ብሎኑ ብዙ ጊዜ ለስላሳ ብረት ነው፦ ለባለ 8 ከ10 እስከ 15፣ ለባለ 10 ከ20 እስከ 30 ኒውተን ሜትር ይበቃዋል። የልክ ቁልፍ ከሌለ፣ 20 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ቁልፍ ጫፉ ላይ የ10 ኪሎ ያህል ኃይል ማለት 20 ኒውተን ሜትር ነው። ናይለን ያለበት ዳዶ ይመረጣል፤ ማርሚታው አጠገብ ግን ናይለኑ ስለሚለሰልስ ሙሉ ብረት የሆነውን የማይላላ ዳዶ አድርጉ።

አሁን የሚረሳው ነገር፦ ጎማ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። አሮጌው ጎሚኒ አልቆ ብረት በብረት ሲነካካ ሞተሩ ማሳውን በዚያ ያገኝ ነበር። አዲሱ ሲገባ መንገዱ ይዘጋና ሞተሪኖው (የሞተር ማስነሻው) «ቀጭ» ብሎ ይቀራል፣ ወይም ኤሌክትሪኩ በነዳጅ መስጫው ሽቦ በኩል አልፎ ሽቦውን ያግለዋል። ከሞተሩ ብሎክ ወደ ሻንሲው፣ ከባትሪው ገመድ ያልቀጠነ የማሳ ገመድ እሰሩ፤ የሚታሰርበት ቦታ ቀለሙ ተፍቆ ብረቱ ይታይ።

ሞተሩ አሁን ስለሚንቀሳቀስ የነዳጅ ቱቦውና ሽቦው ሦስት አራት ሳንቲ ሜትር ላላ ይበሉ፤ በሞተሩ ዙሪያ ቢያንስ 1 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይኑር። የፑሌጃዎቹን መስመር በክር እንደገና አረጋግጡ። ማርሚታው ወደ ጎሚኒው ከቀረበ በመካከላቸው አንድ ላሜራ ጎማውንም ማርሚታውንም ሳይነካ አቁሙ። እንደ ግንቦትና ሰኔ ባለው የድሬዳዋ ሙቀት ይህች ላሜራ የጎሚኒውን ዕድሜ ታራዝማለች።

ከአንድ ሰዓት ሥራ በኋላ፣ ከዚያም ከአሥር ሰዓት በኋላ ዳዶዎቹን ፈትሹ። ጎማው ሲቀመጥ ትንሽ ይላላሉ፣ አንዴ ካጠበቃችሁ ይቆማሉ። በየጊዜው የሚላላ ካለ ቱቦው ረዝሟል ወይም ብሎኑ ተስቧል። በቺንጋው በኩል ያሉት ሁለቱ ብቻ ቶሎ ከሰጠሙ ቺንጋው ከልክ በላይ ተወጥሯል፤ ጎሚኒ ከመለወጥ በፊት ውጥረቱን ቀንሱ። አንዱ ብቻ አብጦ ከለሰለሰ ከላዩ የሚንጠባጠብ ዘይት አለና ጎሚኒው ከመገዛቱ በፊት የዘይቱ መፍሰሻ ይዘጋ፤ ጎማውንም ስታጥቡ በሳሙና ውሃ እንጂ በቤንዚን አትጠቡ።